ባጃጁ ኤሌክትሪክ ሆነ እንበል፣ ሽንኩርቱስ?

ጥያቄው ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ከምትሸጥ አንዲት እህት ነው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «እኛ ባህር ዳር መኪና የለንም፣ በሳይክልና በእግር ነው የምንሄደው፣ መብራታችንም ከውሃ ነው። ታዲያ ነዳጅ ጨመረ በተባለ ቁጥር ሽንኩርቱም ጀሪካኑም የልጅ ሽሮፑም ለምንድነው አብሮ የሚጨምረው? ነጋዴው ሰበብ እየፈለገ ነው ወይስ እውነት ግንኙነት አለው? ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሊገዛ ነው፣ ከዚህ ጣጣ ያወጣናል ወይ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ነዳጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማደያ የተሰለፈው መኪና ብቻ ነው። እኔ ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ፣ ብዙ አመት ፕላስቲክ ፋብሪካ ሰርቻለሁ፣ ጀሪካንም ቧንቧም ባልዲም አውጥቻለሁ፣ ስለዚ የማውቀውን ያህል ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ፣ ረዘም ካለ ታገሺኝ።

ግንኙነቱ እውነት ነው። ነጋዴው አያሳብብም አልልሽም፣ ከወር በፊት ያስገባውን እቃ ዛሬ ማታ ዋጋ ጨምሮ የሚያድር አለ፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ሁሉም ነጋዴ ቅን ቢሆን እንኳ ጭማሪው አይቀርም፣ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ።

ድፍድፍ ዘይት ማለት ምንድነው፣ እሱን በአረቄ ብነግርሽ ይቀላል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፣ ማጣሪያ ቤት ገብቶ ይሞቃል፣ ልክ አረቄ ሲወጣ እንደሚሆነው ቀላሉ ቀድሞ ይተንና ወደላይ ይሄዳል፣ ከባዱ ወደታች ይቀራል። ከላይ ሲሊንደር ውስጥ የምናውቀው ጋዝ፣ ቀጥሎ ቤንዚን፣ ቀጥሎ ነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ ናፍጣ እያለ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው አተላ ደሞ ሬንጅ ነው፣ አስፋልት የሚሰራበት። እዚህ ጋ የስም ነገር አለ፣ እኛ ናፍጣ የምንለው ዲዝሉን ነው፣ በኛ ሙያ ናፍታ የሚባለው ግን ሌላ ነው፣ ከቤንዚን ጎን የሚወጣ ቀለል ያለ ፈሳሽ ነው፣ ፌስታልሽም ጀሪካንሽም የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበርም መነሻው ወይ ከዚህ ፈሳሽ ነው ወይ ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚለይ ኢቴን የሚባል ነገር ነው። በኢንተርናሽናል ኢነርጂ ኤጀንሲ ስሌት ከአለም የዘይት ፍጆታ 14 በመቶ አካባቢው ወደ ፔትሮኬሚካል ነው የሚገባው። ያ ክፍል ማደያ አይደርስም፣ ጠጣር ሆኖ ነው ወደ ቤታችን የሚገባው፣ ለዚህ ነው የማናየው።

ፋብሪካ እያለሁ ጥሬ እቃው በ25 ኪሎ ከረጢት ነበር የሚመጣልን፣ ብዙውን ጊዜ ከአረብ አገር። ከረጢቱን ስትቀጂው ሩዝ የምታክል ነጭ ፍሬ ናት፣ ሽታ የላትም፣ እጅሽ ላይ ትንሸራተታለች። ማሽን ላይ ትገለብጫታለሽ፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ትቀልጣለች፣ በሞልዱ ጀሪካን ሆና ትወጣለች። ለአንድ ጀሪካን ከምናወጣው ወጪ ትልቁ ይቺ ፍሬ ናት፣ መብራቱም የሰራተኛውም ደሞዝ ከሷ በታች ናቸው። የድፍድፍ ዋጋ ሲወጣ የፍሬዋ ዋጋ ቆየት ብሎ ይከተላል፣ ከዛ በዶላር ነው የምትገዛው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ጭማሪ ተደራረበብን። ስለዚ ጀሪካን ሻጩ «ነዳጅ ጨምሮ ነው» ሲልሽ ምናልባት ራሱም ለምን እንደሆነ ሳያውቀው እውነት ተናግሯል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ ልምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ላይ ነው።

ባለፈው በጋ ፎገራ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ጠዋት ማሳው ዳር ተቀምጠን ዝም ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ከወንዙ ውሃ የሚስበው ሞተር ቤንዚን ይጠጣል፣ እሱን ተይው፣ የሚታይ ነው። ሞተሩ ላይ የተሰካው ሰማያዊ ጎማ ግን ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። በጀርባው የሚያዝለው መርጫ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ የገባው መድሃኒት ደሞ የተሟሟበት ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከዘይት የተለየ ነው፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የሱ ነው። ሽንኩርቱ ተነቅሎ የሚገባበት ቀይ መረብ ጆንያ፣ አንቺም በየቀኑ የምትፈቺው፣ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፣ ከናፍታው ልጆች አንዱ ነው። እግሩ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ፣ ጥላ የሰራበት ሸራ፣ ውሃ የያዘበት ሃይላንድ፣ ሁሉም። ከዚህ ሁሉ ነፃ የሆኑት ሞፈሩ፣ ቀንበሩና በሬዎቹ ነበሩ፣ በሬዎቹም የታሰሩት በናይለን ገመድ ነው።

ከዛ አጎቴ ዩሪያ ሊበትን ተነሳ። በእፍኙ እየዘገነ በመስመሩ ሲረጭ «አያ፣ ይሄ ነገር ከምን የሚሰራ ይመስልሃል?» አልኩት። «እንደ አሞሌ ጨው ከሆነ ቦታ የሚቆፈር ነው የሚመስለኝ» አለ። ከአየር ነው ስለው አላመነኝም። እውነቱ ግን ይሄ ነው፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ሰብል ግን ከአየር ላይ ቀጥታ መውሰድ አይችልም፣ አንድ ሰው ይዞ ወደ መሬት ማውረድ አለበት። ባቄላና ሽምብራ ስሮቻቸው ላይ ባሉት ተህዋስያን ይሄን ያደርጉታል፣ አባቶቻችን ሰብል የሚያፈራርቁት ለዚህ ነው። ጀርመናዊው ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ላብራቶሪ ውስጥ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት አስገድዶ አገናኝቶ ዩሪያ የሚሰራበትን አሞኒያ አወጣ፣ ቦሽ ደሞ በ1913 ወደ ፋብሪካ ቀየረው። ዛሬ ያ ሃይድሮጅን በብዛት የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ቻይና ከድንጋይ ከሰልም ትሰራዋለች። ጋዙ ማገዶ ብቻ ሳይሆን ራሱ ጥሬ እቃ ነው ማለት ነው። ይሄ ዘዴ ባይኖር ከአለም ህዝብ ግማሽ የሚጠጋው የሚበላው አይኖርም ነበር ተብሎ ነው የሚሰላው።

መጠኑን ላሳይሽ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፣ ለሱ 57 ኪሎ ገደማ አሞኒያ ያስፈልጋል፣ ያንን ለመስራት የሚገባው ጋዝ በጉልበት ሲሰላ 50 ሊትር ናፍጣ አካባቢ ይሆናል። ይሄን ለአጎቴ ስነግረው እጁ ላይ የቀረውን ነጭ ጠጠር ትንሽ አየውና «እንግዲያ እኔም ነዳጅ ነው የምዘራው በለኛ» አለ። ከዛን ቀን ጀምሮ ይቺ አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣችም፣ እኔ በብዙ ሰሌዳና ቀመር የማስረዳውን እሱ በአንድ አፍ ጨረሰው።

ሌላው ማዳበሪያ ኤንፒኤስ የሚሉት ነው፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘው፣ ለኛ በብዛት ከሞሮኮ ነው የመጣው። ሞሮኮ ፎስፌቱን የምታወጣው ከራሷ አለት ነው፣ ግን አለቱን ለማሟሟት ሰልፈሪክ አሲድ ያስፈልጋታል፣ ለአሲዱ ድኝ ያስፈልጋል፣ የአለም ድኝ አብዛኛው ዛሬ የሚገኘው ዘይትና ጋዝ ሲጣራ ከሚወጣው ቆሻሻ ነው። ናፍጣውን ጭሱ ሰው እንዳይጎዳ ሲያጸዱት የሚወጣው ድኝ ነው ዞሮ ዞሮ ለጤፋችን የሚሆነው። እኔ ስማር ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ስራ ከጀመርኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ ሲገባኝ ደንግጫለሁ።

ቋንቋችን ራሱ ይሄን ጉዳይ ይዞታል እኮ። እኛ ጋ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ነው የምንለው፣ «ጤፉን በሁለት ማዳበሪያ አምጣ» ይባላል፣ ማዳበሪያ ይዞ ስለመጣ ስሙን ወረሰ። ከውጭ ፖሊፕሮፒሊን፣ ውስጡ ስስ ፕላስቲክ፣ ይዘቱ ዩሪያ፣ ሶስቱም ከጋዝና ከዘይት። ማሳ ላይ ዩሪያው ካለቀ በኋላ ከረጢቱ እህል ይይዛል፣ ሲያረጅ ግድግዳ ይሸፍናል፣ ሲብስ ይቆረጥና ገመድ ይሆናል።

እና 2022 ላይ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሆነውን አስታውሺ። ጋዝ ተወደደ፣ አውሮፓ ውስጥ የአሞኒያ ፋብሪካዎች አዋጪ አይደለም ብለው ዘጉ፣ እ.ኤ.አ. 2020 ላይ በቶን 230 ዶላር አካባቢ የነበረ ዩሪያ 2022 ሚያዝያ ላይ ከ900 ዶላር አለፈ። ያ ዩሪያ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዛ ባህር ዳር ለመድረስ በደፈናው 1,400 ኪሎሜትር ይጓዛል፣ የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር አዲስ አበባ አጠገብ ስለሚያበቃ ከዛ ወደኛ ያለው መንገድ በሙሉ ናፍጣ የሚጠጣ የከባድ መኪና ነው፣ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ስለዚ የሽንኩርትሽ ዋጋ ላይ ነዳጅ አንድ ጊዜ አይደለም የሚደመረው፣ ዩሪያው ሲሰራ፣ ሲጓጓዝ፣ ሞተሩ ውሃ ሲስብ፣ መድሃኒቱ ሲረጭ፣ ጆንያው ሲገዛ፣ አይሱዙው ከወረታ ሲጭን፣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየተቀባ ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው። ሁሉም ጋ ትንሽ ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አይቆጥረውም።

ጣና ራሱ ይሄን ነገር እየከፈለ ነው። እምቦጭ የሚባለው አረም ሀይቁ ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የሚመገበው ደሞ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፣ ከከተማው ፍሳሽና ከሚሸረሸረው አፈር ጋር ተደምሮ። ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የበተነው ዩሪያ ከፊሉ ሰብሉ ሳይወስደው በርብና በጉማራ አድርጎ ሀይቅ ይገባል፣ ከዛ ያንን አረም ለማውጣት እንደገና ማሽን በናፍጣ እናስነሳለን፣ ስንት ወጣትም ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ይነቅላል። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የሚከብደኝ።

አሳ አጥማጆቹንም እይ፣ ታንኳው ደንገል ነው፣ ከሀይቁ ዳር የታጨደ፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ። መረቡ ግን ናይለን ነው፣ ናይለን መነሻው ቤንዚን የሚባል የዘይት ኬሚካል ነው (የመኪናው ቤንዚን አይደለም፣ ስሙ ተመሳሰለ)፣ የመረቡ ተንሳፋፊ ባዶ ሃይላንድ ነው። ናይለን መረብና የሞተር ጀልባ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲስፋፋ አሳው በርካሽ ተያዘ፣ ብዙም ተያዘ፣ ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጣው የጣና ነጭ አሳ ክፉኛ ቀነሰ። ርካሽ ነገር ሲመጣ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ጥጥ ፈትሎ መረብ የሚሰራ ሰው ስንት መረብ እንደሚጥል ያስብ ነበር።

የልጅ ሽሮፑን ጠይቀሽኛል። ፓራሲታሞል ኬሚካሉ ሲጀመር ከቤንዚንና ከፌኖል ነው፣ እነሱ ከዘይት ናቸው፣ ጠርሙሱ ፕላስቲክ፣ መለኪያ ኩባያው ፕላስቲክ። ሀኪም ቤት ብትገቢ ስሪንጁ፣ የግሉኮሱ ከረጢትና ቱቦው፣ ደም የሚቀመጥበት ከረጢት እንዲሁ። ፎገራና ደምቢያ ለወባ የሚታደለው አጎበር ክሩም ከዘይት ነው፣ የተነከረበት መድሃኒትም። እዚህ ላይ ማንም ፕላስቲክ ይጥፋ ቢል እኔ አልስማማም፣ አንድ ስሪንጅ ተቀቅሎ ለስንት ሰው ይሰራ እንደነበር የሚያስታውሱ ነርሶች አሉ፣ ልጆቻችን በዚህ ነገር ድነዋል። ፌስታል ላይ አዋጅ መውጣቱ ግን ትክክል ነው፣ ለአምስት ደቂቃ መንገድ ብለን ያን ሁሉ ነገር ማቃጠል የለብንም።

አንድ ደስ የሚለኝን ጨምሬ ልለፍ፣ ዘጌ ገዳማት ውስጥ ጧፉ ከንብ ሰም ነው፣ ሱቅ የምትገዢው ሻማ ግን ፓራፊን ነው፣ ከድፍድፍ የተለየ ሰም። መብራት ሲጠፋ የውሃ ኃይል ያቋረጠውን የምንተካው በዘይት ነው ማለት ነው። ቫዝሊኑም የዛው ቤተሰብ ነው።

ለምን «ርካሽ» ላይ አተኮርክ ትዪኝ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ነገር የተገነባው ዘይት እጅግ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1973 ድረስ አንድ በርሜል 3 ዶላር አካባቢ ነበር፣ በጥቅምቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ምክንያት በጥቂት ወር ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። እኛ አገር ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ፣ ቤንዚን ጨመረ፣ በኛ የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ሾፌሮች አድማ መቱ፣ መምህራኑም ወታደሩም ተነሱ፣ አዲሱ አመት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 2 1967፣ የንጉሱ መንግስት ወደቀ። ምክንያቱ ያ ብቻ አልነበረም፣ የወሎ ረሀብ አለ፣ ሌላም ብዙ አለ፣ ግን ክብሪቱን ከጫሩት አንዱ የቤንዚን ዋጋ ነው። በዛን ጊዜ ገና አብዛኛው ገበሬ ዩሪያ አያውቅም ነበር፣ ውሃው በእንስራ ነበር፣ እህሉ በስልቻና በአቁማዳ ነበር። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ቢመጣ ገጠሩም በከተማው ልክ ነው የሚያመው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አሁን ባጃጁ። ግዙ፣ ጥሩ ውሳኔ ነው። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉንም እደግፋለሁ፣ መብራታችን በኛ 1956 ከተከፈተው ጢስ አባይ ጀምሮ፣ ከጣና በለስ 460 ሜጋዋት፣ አሁን ደሞ ከህዳሴው ነው፣ በራሳችን ውሃ መሄድ ሲቻል በዶላር ቤንዚን ማቃጠል አያስፈልግም። ባለቤትሽ የቀን የቤንዚን ወጪው ይቀርለታል፣ ይሄ ለቤታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጎማው በከፊል ሰው ሰራሽ ላስቲክ ነው፣ ጥቁር ያደረገውም ከዘይት የሚሰራ ጥላሸት ነው፣ ባትሪው ውስጥ ያለው መለያ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ የሚሄድበትም አስፋልት የበርሜሉ አተላ ነው። ባጃጁ ከማደያ ሰልፍ ያወጣችኋል፣ ከሽንኩርት ዋጋ አያወጣችሁም። ከነዳጅ መላቀቅ ሲባል ሁሉም ስለ መኪና ብቻ ሲያወራ የምበሳጨው ለዚህ ነው፣ መኪናው ቀላሉ ክፍል ነው፣ ሶኬት ላይ ሰክተሽ ትተኪዋለሽ፣ ዩሪያውን ግን ሶኬት ላይ አትሰኪውም።

ወይም ትሰኪዋለሽ፣ በትክክል ከተሰራ። ሃይድሮጅኑን ከጋዝ በማውጣት ፋንታ ውሃን በመብራት ሰንጥቆ ማውጣት ይቻላል፣ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ግብጾች አስዋን ላይ ኪማ በሚባል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በግድቡ መብራት የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲሰሩ ኖረዋል፣ በዚሁ በእኛው አባይ ውሃ፣ ጋዝ ሲበዛላቸው ነው የቀየሩት። ለአንድ ቶን አሞኒያ 10 ሜጋዋት ሰዓት አካባቢ መብራት ይፈልጋል፣ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ የሚሆነው አሞኒያ 570 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ነው፣ ርካሽ መብራት ከሌለ አያዋጣም፣ ግን እኛ ያለን ነገር እሱ ነው። አሁን በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር የሚሰራው 2.5 ቢሊዮን ዶላር የተባለው የዩሪያ ፋብሪካ ከራሳችን ጋዝ ነው የሚሰራው፣ መርከቡንና ጅቡቲን ያስቀርልናል፣ ጥሩ ነው፣ ጋዝነቱን ግን አያስቀረውም። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም ጀምሩ እላለሁ።

እስከዛው ግን ያለውን ዩሪያ አለማባከን ነው፣ ይሄ ደሞ አንቺንም በቀጥታ ይነካሻል። የምትረከቢው ከርብ ወይ ከጉማራ ከሆነ ገበሬውን ዩሪያ በስንት ጊዜ ከፍሎ እንደሚሰጥ ጠይቂው። በአንዴ ከበተነው ከፊሉ ታጥቦ ሀይቅ ነው የሚገባው፣ ዘግይቶ ወደ መንቀያው ሲጠጋ ካበዛው ደሞ ሽንኩርቱ አንገቱ ወፍራም ይሆናል፣ አንገቱ አይደርቅም፣ በዛ በኩል ውሃና ሻጋታ ይገባል፣ ሳምንት ሳይሞላ ጆንያው ታች መሽተት ይጀምርብሻል። ስትገዢ የሽንኩርቱን ክብ ራስ ብቻ አትዪ፣ አንገቱን በሁለት ጣትሽ ጨመቅ አድርጊው፣ ደርቆ ቀጠን ያለውን ውሰጂ፣ ለስላሳና ወፍራም የሆነውን ዋጋ አስቀንሺበት ወይ በዛው ቀን ሽጪው።